ልግመኛው ዳማ

«ልግመኛ» የሚለውን ስድብ መጀመሪያ የሰማሁት ለፈረስ ሲነገር ነው። ለእኔ የተነገረኝ ቆይቶ፣ ሒሳብ መክበድ ሲጀምር ነው።

የባለጋሪ ልጅ ነኝ። እዚህ ገጽ ላይ ስለ ታክሲ ወረፋም፣ ስለ ማኪያቶም፣ ስለ ፍቅርም ስንት ስቀባጥር ይሄን ግን ጽፌው አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ትራንስፖርት ዘርፍ ላይ ነው» እል ነበር። ውሸት ነው እንዴ? ደብረ ዘይት እያልን ባደግንባት ቢሾፍቱ፣ ባጃጅ የሚባለው ሰማያዊ ተአምር መንገዱን ሳይወርሰው በፊት፣ ከገበያ ጤፍ ያስጫነችው እናትም፣ ለሠርግ የተከራየው ወንበርም፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው በሽተኛም በጋሪ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

አባቴ አንድ ጋሪና አንድ ፈረስ ነበረው። ፈረሱ ስሙም መልኩም ዳማ ነው። (አባቴ ስም ለማውጣት የሚጨነቅ ሰው አይደለም፤ ለእኔም የአያቴን ስም ነው የደገመልኝ።) መሪዎቻችን በፈረስ ስማቸው የሚጠሩበት አገር ልጆች ነን፤ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ»። በዚህ ሒሳብ አባቴ «አባ ዳማ» መሆኑ ነው። የሰፈር ልጆች እንዲያ ይሉትም ነበር፤ ለክብር ግን አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ዳማ ለገመ። ዳገት ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጅራፍ ሲነሳ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ጭራውን ያወናጭፋል። ልጓም ይዛችሁ ስትቀርቡት ለመናከስ ይዘረጋል። ያ እኔ በሆዱ ሥር እየሾለክሁ ስጫወት ኮቴውን እንኳ የማያነሳው ፈረስ! ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምርመራ ሰጠ። አንዱ «ዐይን በልቶት ነው» አለ፤ ሌላው «ጥጋብ ነው» አለ። አባቴ በአንድ ቃል ዘጋው። «ለግሟል» አለ።

ከሦስት ወር በኋላ ከሞጆ በኩል የመጣ አንድ ሰውዬ ገዝቶት ሄደ። አንድ ሌሊት ሙሉ አለቀስኩ። በነጋታው ከዳማ ብር ላይ ጫማ ተገዛልኝ። ጫማው የሚያበራ ተረከዝ ስለነበረው ለቅሶው ብዙ አልቆየም።

አሁን እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ። (ቪዛ አያስፈልግም፤ ለእኔ ግን አስፈልጎኝ ነበር።)

እ.ኤ.አ. በ2022 ለሁለተኛ ዲግሪ ሄድኩ። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወራት የሚፈቅደው ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ እኔም ያቺን 20 ሰዓት ከኒውማርኬት ብዙም በማይርቅ መንደር ውስጥ፣ አንድ የፈረስ በረት ፋንድያ በመዛቅ ሞላኋት። ኒውማርኬት የእንግሊዞች የፈረስ እሽቅድምድም መዲና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ፈረሶች መንገድ ሲሻገሩ መኪናው ሁሉ ቆሞ ያሳልፋቸዋል። እኔ የምጠርግላቸው ግን የእሽቅድምድም አልነበሩም፤ ሰዎች ከሥራ በኋላና ቅዳሜና እሁድ የሚጋልቧቸው የግል ፈረሶች ናቸው። ቀጣሪዬ «ፈረስ ታውቃለህ?» ስትለኝ «ፈረስ ነው ያሳደገኝ» አልኳት። ምን እንደገባት እንጃ፤ የመሳፍንት ዘር ሳልመስላት አልቀረሁም።

እነዚያ ፈረሶች የዝናብ ልብስ አላቸው፣ የብርድ ልብስ አላቸው፣ ዝንብ ዐይናቸው ላይ እንዳያርፍ ጭንብል አላቸው። የጥርስ ሐኪም አላቸው። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ መጥቶ ኮቴ የሚሞርድና ጫማ የሚያስተካክል ሰው አላቸው። ይሄን ሁሉ ችዬ አለፍኩት። በወር አንዴ ወጌሻ እንደሚመጣላቸው ስሰማ ግን አካፋዬን ተደግፌ ሳቅሁ። ወገቤን ይዤ ነበር የሳቅሁት፤ እኔን የሚያሸኝ የለማ።

ወጌሻዋ ስልሳን ያለፉ፣ አጠር ያሉ፣ ጣታቸው እንደ አናጢ የወፈረ ሴትዮ ናቸው። እንግሊዝኛ «እርስዎ» ስለሌለው አንቺ-አንተ ተባብለን ነው የሠራነው፤ በልቤ ግን «እትዬ» ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንዲያው ልጥራቸው።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ምንም ሲሠሩ አላየኋቸውም። ከጋጣው በር ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ሰዓት እየቆጠረ ክፍያ የሚቀበል ሰው እንዲህ ሲቆም አይቼ፣ በልቤ «ይቺ ናት ሥራ!» አልኩ። ከዚያ ዞር ብለው «ምን ይታይሃል?» አሉኝ።

«ፈረስ።»

አልሳቁም። «እንዴት ነው የቆመው?» አሉ።

ፈረሱ ቢስኪት ይባላል፤ ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦራ አለው። ባለቤቱ ከቢሮ መልስ መሰናክል የምታዘልለው ሴት ናት። በዚያ ክረምት ቢስኪት ዝላዩ ፊት መቆም ጀምሮ ነበር። ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ይለጥፋል፤ ሲጋለብ ጭራውን ያወናጭፋል። በረቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነበረው፦ ሰነፍ። እኔ ደግሞ ትርጉሙ የተሻለ ቃል ነበረኝ፤ ልግመኛ። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጣ ለሽያጭ ልታወጣው ወስናለች። እትዬን የጠራችውም ጡንቻው ለስለስ ብሎ ገዢ ፊት ደህና እንዲታይ ነው።

የእትዬ ትምህርት እንደሚከተለው ነው፤ የረሳሁት ይኖራል።

መጀመሪያ አትንኩት። ራሱ እንደወደደ እንዲቆም ተዉት። ሰው ቀጥ አድርጎ ያቆመው ፈረስ ፎቶ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ነው፤ የሚዋሽ ነገር አለው። ፈረስ ቆሞ መተኛት የሚችለው እግሩን የሚቆልፍ የጅማት አሠራር ስላለው ነው። አንዱን የኋላ እግሩን አላልቶ ያሳርፍና በሦስቱ ይቆማል፤ ቆይቶ ይቀይራል። ቁም ነገሩ መቀየሩ ላይ ነው። ሁልጊዜ አንዱን ብቻ የሚያሳርፍ ከሆነ ጻፉት። የፊት እግሩን ወደ ፊት አውጥቶ የሚያሳርፍ ከሆነማ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጥሩ፤ ጤነኛ ፈረስ የፊቱን እንዲያ አያደርገውም።

ቀጥሎ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አውጥታችሁ ዙሩት። ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ። የፊት እግሮቹ ከጎን ሲታዩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለዋል ወይስ ወደ ሆዱ ሥር ዘመዋል? የአንገቱ የላይኛው ጡንቻ ነው የዳበረው ወይስ የታችኛው? የታችኛው ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይዞ፣ ጀርባውን አጉብጦ ሳይሆን አጎድጉዶ ነው የሚሄደው ማለት ነው። ከትከሻው አጥንት ኋላ፣ ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጎድጓዳ አለ? ነጭ ፀጉር በቅሎበታል? ነጭ ፀጉር የድሮ ቁስል ወይም የድሮ ጫና ማስታወሻ ነው።

እዚህ ላይ ለእኔ አዲስ የሆነ ነገር ነገሩኝ። ፈረስ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው፤ ነገር ግን እኛ ትከሻችንን ከደረታችን ጋር የሚያያይዝልን ከአንገት ሥር ያለው አጥንት ፈረስ የለውም። የፊት እግሮቹ ከገላው ጋር የተያያዙት በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው። ገላው በሁለቱ እግሮች መካከል ተንጠልጥሏል፤ ልክ እንደ ጠፍር አልጋ! አንዱ ጠፍር ሲላላ አልጋው ሁሉ ወደዚያ ያዘነብላል፤ የተኛበት ሰው ግን የሚያመው ወገቡን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈረስ ሳይ የሚታየኝ የአያቴ አልጋ ነው።

ከፊት ሆናችሁ ደግሞ ኮቴዎቹን አስተያዩ። የቢስኪት የግራው የፊት ኮቴ ሰፋ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ የቀኙ ጠበብ ብሎ ቆሟል። የግራ ትከሻውም ከቀኙ ወፍሯል። እኔ ግኝቴን ይዤ «ችግሩ ግራ ትከሻው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ጠንክሮ የሚሠራውን ነው ያየኸው» አሉኝ እትዬ። «ማን ሥራ አቁሞበት ነው እንዲህ የሚሠራው?»

ከኋላ ስንሄድ መልሱ እዚያ ቆሟል። (ከኋላ ስትቆሙ ራቅ በሉ፤ ይሄን ለባለጋሪ ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ ለከተማ አንባቢ ግን ያስፈልጋል።) የቀኝ ታፋው ከግራው ጎድሏል። ትንሽ ነው፤ ካልተነገራችሁ አይታያችሁም፤ ከተነገራችሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር አይታያችሁም። ጭራውም መሐል ላይ አልተንጠለጠለም፤ ወደ አንድ ጎን ሸሸት ብሏል። አንድ ሰው ፊቱን ይዞልን፣ እትዬ በስተኋላ መወጣጫ ላይ ቆመው ከላይ የጀርባውን መሥመር አዩ፤ ከዚያ ኮርቻውን ጠየቁ። «ስትጋልቢው ኮርቻው ወዴት ይንሸራተታል?» ባለቤቱ «ወደ ቀኝ። እኔ ጠማማ ስለምቀመጥ ነው፤ አሠልጣኜም ሁልጊዜ ይቆጣኛል» አለች።

እትዬ ምንም አላሉም። ለእኔ የቤት ሥራ ሰጥተውኝ፣ በሳምንቱ ሊመለሱ ተቀጣጥረው ሄዱ። የቤት ሥራው የቢስኪትን የኋላ እግር መቁጠር ነው። በጋጣው ባለፍኩ ቁጥር እግሩን አሳርፎ ካገኘሁት ስልኬ ላይ «ቀ» ወይም «ግ» ብዬ እጽፋለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ገጹ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ ቀ ቀ ቀ ቀ ግ ቀ ቀ ቀ ቀ ቀ ግ ቀ። እንደ አእምሮ ሕመምተኛ ማስታወሻ።

በሳምንቱ እጃቸውን አሳረፉበት። መጀመሪያ በመዳፍ ሳይሆን በእጅ ጀርባ፣ ሙቀት ፍለጋ። ከዚያ ከጆሮው ሥር ጀምረው በአንገቱ፣ በትከሻው፣ በጀርባው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ዐይናቸው ግን እጃቸው ላይ አልነበረም፤ የፈረሱ ፊት ላይ ነበር። «እጄ ይጠይቃል፤ ፊቱ ይመልሳል» የሚሉት ነገር አላቸው። ግራ ትከሻው ላይ ሲጫኑት ቢስኪት ከንፈሩን አላላ፣ አዛጋ። ቀኝ ወገቡ ጋ ሲደርሱ ግን ዐይኑ ጠበበ፣ አፍንጫው ተወጠረ፣ ትንፋሹን ያዘ። አልረገጠም፤ አልተናከሰም። ዝም ብሎ ፊቱ ተዘጋ።

እትዬም እጃቸውን አነሡ። «እኔ ዛሬ አልሠራውም» አሉ። «መጀመሪያ ሐኪም ይየው።»

ባለቤቱ ደስ አላላትም፤ ገንዘብ ያዘጋጀችው ለእሽታ ነው እንጂ ለሐኪም አይደለም። እትዬ ግን አልተበገሩም። እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የእንግሊዝ የእንስሳት ሐኪሞች ሕግ በሽታ መለየት የሐኪም ሥራ ብቻ ነው፤ ወጌሻ «ይሄ ይሄ ነው ያመመው» ብሎ መፍረድ አይችልም። ነገር ግን እትዬ የፈሩት ሕጉን ብቻ አልነበረም። ኋላ ሻይ ስንጠጣ «ያን ጀርባ አሽቼ ባላላው ለሦስት ቀን ጥሩ ይሄዳል፤ በሦስቱ ቀን ውስጥ ይሸጣል» አሉኝ። በሕይወቴ ካየኋቸው ሥራዎች ሁሉ ያ ያልተሠራው ሥራ ነው ዛሬም የሚገርመኝ።

ሐኪሟ መጣች። በቀጥታ መንገድ ላይ በሶምሶማ ስታስሮጠው ማነከሱ ለእኔ ዐይን አልታየም። የፊት እግር ሲሆን ቀላል ነው፤ የታመመው መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ከፍ ይላል፣ ጤነኛው ሲነካ ዝቅ ይላል። የኋላ እግር ግን ዳሌው ላይ ነው የሚነበበው፤ እሱን ለማየት ዓመታት ይፈጃል። ሰው ሲቀመጥበት ባሰ፤ ኮርቻውም እንደተባለው ወደ ቀኝ ሄደ። ከዚያ ሐኪሟ ከእግሩ ታች ጀምራ ወደ ላይ በየደረጃው ማደንዘዣ እየወጋች፣ እየጠበቀች፣ እንደገና እያስጋለበች አየችው። ከቋንጃው ዝቅ ብሎ፣ ከቅልጥሙ አጥንት ጀርባ ያለው ጅማት የላይኛው ጫፍ ሲደነዝዝ ኮርቻው መሐል ላይ ተቀመጠ። ጋላቢዋ ያው ናት፤ አቀማመጧም ያው። ቢስኪት ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ፣ ጭራውን ለቅቆ፣ ሜዳውን ዞረው። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ «ባሕርይ» የተባለው ነገር ሁሉ ተነነ።

ባለቤቱ እዚያው አጥሩ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። የሚያበራ ተረከዝ ያለው ጫማ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሱ ዳይሰን የተባሉ እንግሊዛዊት የእንስሳት ሐኪም ለረጅም ዘመን ሲሠሩበት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የተዘጋው የምርምር ተቋም እዚያው ኒውማርኬት አጠገብ ነበር። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባሳተሙት ሥራ በሚጋለብ ፈረስ ላይ የሚታዩ 24 ምልክቶችን ዘርዝረዋል፤ ጆሮ መለጠፍ፣ ጭራ ማወናጨፍ፣ አፍ መክፈት፣ አልሄድም ማለት፣ ወዘተ። ከ24ቱ 8ና ከዚያ በላይ የሚያሳይ ፈረስ አንድ ቦታ ያመዋል ተብሎ ይጠረጠራል። ኮርቻ ዘወትር ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተትም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኋላ እግር ሕመም ሊሆን እንደሚችል፣ የሚንሸራተተውም አብዛኛውን ጊዜ ወደሚያነክሰው እግር በኩል መሆኑን ያሳዩት እሳቸውና የሥራ ጓደኛቸው ናቸው። ዝርዝሩ የተሠራው ለሚጋለብ እንጂ ጋሪ ለሚጎትት ፈረስ አይደለም። ቢሆንም ዳማን በልቤ አቁሜ መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ላይ ስደርስ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

እንዳታጋንኑብኝ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጠማማ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ባለቤቶቻቸው «ጤነኛ ናቸው» ያሏቸውን 222 ፈረሶች በመሣሪያ ለክተው፣ ከመቶ 72ቱ ገደማ አረማመዳቸው ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ አላገኙትም። ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፈረሶችን ማስታገሻ ሰጥተው ሲያዩ አረማመዳቸው አልተቀየረም። ሕመም አይደለም ማለት ነው? ወይስ ማስታገሻው የማይደርስበት ሕመም ነው? ክርክሩ አላለቀም። በሆላንድም ውርንጭላዎች ሲግጡ ግማሽ ያህሉ ሁልጊዜ አንዱኑ የፊት እግር የማስቀደም ልማድ እንደሚያወጡ፣ በዚያም ምክንያት ኮቴያቸው እኩል ሳይሆን እንደሚያድግ በ2006 ታትሟል። እኛም ቀኝና ግራ እጃችን አንድ አይደለም። ለዚህ ነው እትዬ ቅርጽ ብቻውን አይበቃም የሚሉት፤ ቅርጹ፣ ፊቱና በቅርቡ የተለወጠው ጠባዩ አንድ ላይ ሲመሰክሩ ነው የሚደነግጡት። እኔ ጀማሪው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ያበድኩ ያህል ነበርኩ። አውቶቡስ ላይ የሰው ትከሻ እለካለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዬ ግራ ዳሌውን እንደሚያሳርፍ ደርሼበታለሁ።

ከዚያ አባቴ ጋ ደወልኩ።

ምን ልለው እንደፈለግኩ በትክክል አውቃለሁ፤ ቂም ነበረኝ። በሃያ ሰባት ዓመቴ፣ በሰው አገር፣ አንድ ሳምንት የፈረስ እግር ቆጥሬ፣ ሠላሳ ዓመት ጋሪ የነዳ ሰውዬ ማየት እንደማይችል ላስረዳው ነው። ስለ ቢስኪት ነገርኩት። ስለ ዝናብ ልብሱ ሲሰማ ሳቀ፤ ስለ ወጌሻዋ ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ዳማ ሲቆም የትኛውን እግሩን ነበር የሚያሳርፈው?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ግራውን» አለ። «የኋላ ግራውን። በመጨረሻ በመጨረሻውማ ታፋው እንደ አሮጊት ጉንጭ ጎድጉዶ ነበር።»

አስቡት እንግዲህ። እትዬ ስንት ዓመት ተምረው፣ መወጣጫ ላይ ቆመው ከኋላ የሚያዩትን ነገር፣ ባለጋሪ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ተደቅኖ ነው የሚውለው። አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከኋላና ከፍ ብሎ፣ የዳማን ዳሌ ሲያይ ነው ሠላሳ ዓመት የኖረው። በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ መቀመጫ የለም። እኔ «አላየም» ብዬ ልከስሰው የተነሣሁት ሰውዬ ከእኔ በፊት አይቷል፤ ከእትዬም በፊት ሳይሆን አይቀርም።

«ታዲያ ለምን ለግሟል አልከን?»

«ምን ልበላችሁ? አሞታል ልበል? አሞታል ካልኩ እናንተ ምን ትሉኛላችሁ? አሳርፈው ትሉኛላችሁ።»

«ሐኪም ጋ ብትወስደውስ? የእንስሳት ሕክምናው ትምህርት ቤት እኮ እዚያው ቢሾፍቱ ነው» አልኩት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማለቴ ነው።

«ወስጄው ስድስት ወር ይረፍ ቢሉኝስ?» አለ።

መልስ አልነበረኝም፤ ቢስኪትን ያሉት ልክ እሱን ነዋ። ለወራት እረፍት፣ ከዚያ በእጅ እየተመራ በእግር ጉዞ፣ ደቂቃው ቀስ በቀስ እየተጨመረ። ባለቤቱ ሽያጩን ሰርዛ እንዲህ አደረገች፤ ደመወዟ ከቢሮ ነው የሚመጣው እንጂ ከቢስኪት ጉልበት አይደለም። እኔ ከእንግሊዝ ስወጣ ቢስኪት በቀን አንዴ በልጓም ተይዞ መንደሩን ይዞር ነበር፤ ወደ ዝላይ ይመለሳል ያለ ሰው አልነበረም። ዳማ ስድስት ወር ቢያርፍ ግን እኛ ስድስት ወር ምን ልንበላ ነው? ጋሪው የፈረሱ ብቻ አልነበረም፤ አምስታችንም ተጠምደንበት ነበር።

«ለገዢውስ ነገርከው?» አልኩት በመጨረሻ።

«አልነገርኩትም» አለ አባቴ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እሱም አልጠየቀኝም። ዞሮ ከኋላው አላየውም» አለ። ከዚያ ስለ ብርዱ ጠየቀኝ።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ተመለስኩ። አባቴ ጋሪውን ከተወ ቆይቷል፤ አሁን ከገበያው ጀርባ፣ ያልሞቱ ጥቂት ጋሪዎች የሚቆሙበት ቦታ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይውላል። አብሬው ተቀመጥኩ። ሙያዬን ላሳየው ፈልጌ አንዱን አመድማ ፈረስ በአገጬ እየጠቆምኩ «ያኛው ቀኝ ትከሻው…» ስል አቋረጠኝ።

«ትከሻውን ተወው። ጋሪውን እየው።»

አየሁ። ከፈረሱ ግራና ቀኝ ከሚያልፉት ሁለት እንጨቶች አንዱ ዝቅ ብሎ ታስሯል፤ ጭነቱ ሁሉ በአንድ ጎን ጀርባው ላይ ነው። እትዬ ስለ ኮርቻ ብዙ አስተምረውኛል፤ ስለ ጋሪ እንጨት ግን እሳቸውም አያውቁ። አባቴ ተነሥቶ ሄደና የጋሪውን ልጅ አናገረው።

«አንተ ልጅ፣ የዚህን ማሰሪያ አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ ሳበው። ጤፉንም ወደ መሐል ግፋው፤ ፊት ሲከብድ ወገቡን ነው የሚቆርጠው።»

«ለግሞብኝ ነው እንጂ አባባ፣ እሱስ ደህና ነው» አለ ልጁ።

አባቴ ወደ እኔ ዞር አለ። ምንም አላለኝም። ማሰሪያውን በራሱ እጅ ፈትቶ ሳበው፤ ልጁም «እሺ፣ እሺ፣ እርስዎ ይተዉት» እያለ ጤፉን ገፋ። ፈረሱ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከዚያ እንደገና አዛወረ።

ወደ ሻይ ቤቱ ስንመለስ አባቴ ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጅራፍ ያነሣበት ቀኝ ትከሻው ከግራው በአራት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል፤ ግራ እግሩንም ትንሽ ይጎትታል። ማየቴን ሳያየኝ አወቀ መሰለኝ፣ ቆመ።

«እስቲ እኔንም ከኋላ እየኝ» አለ። «ምን ይታይሃል?»

«ቀኝ ትከሻህ ወርዷል አባዬ።»

«ለዚህ ነው እንግሊዝ አገር ድረስ የሄድከው?» አለ። «ይሄንንማ እናትህ አንተ ሳትወለድ ነግራኛለች።»